አጭር ፖይንት ጋርድ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ያለውን ሚና የመገምገም አሠራር

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ስለ አንድ አጭር ፖይንት ጋርድ (ኳሱን ወደ ፊት አምጥቶ የቡድኑን ጨዋታ የሚመራ ተጫዋች) በተነሣ ቁጥር «ቁመቱ ይበቃዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው በዚህ መልኩ ከቀረበ መልስ አይገኝለትም። መግሲ ቦግስ በ5 ጫማ ከ3 ኢንች ቁመቱ፣ ማለትም በ1.60 ሜትር፣ ከ1983 እስከ 1987 ለዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ1987ቱ የኤንቢኤ (የአሜሪካ የሙያ ቅርጫት ኳስ ሊግ) የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 12ኛ ሆኖ ተመርጧል፤ ከእርሱ እጅግ የሚረዝሙ ጋርዶች ግን በየዓመቱ ከተቀያሪ ወንበር ብዙም ሳይነሡ ይመረቃሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሊመለስ የሚችለው ጥያቄ አሰልጣኙ ለዚህ ተጫዋች የሰጠው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ያንን ሥራ ሲሠራ ለቡድኑ ስንት ነጥብ እንደሚያስገኝ፣ በቁመቱ ምክንያትም ስንት ነጥብ እንደሚያሳጣ የሚጠይቀው ነው። ቀጥሎ ያለው አሠራር ይህንን ጥያቄ በወረቀትና በእርሳስ ለመመለስ የሚያስችል ነው።

መመሪያው በቅድሚያ የታሰበው ለረዳት አሰልጣኞችና ለቡድኑ አኃዝ ለሚይዙ ተማሪዎች ነው። ሆኖም በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል ልጃቸውን ከጂም ጂም የሚያመላልሱና «ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ ግን አጭር ነው» የሚል ቃል ከመልማይ የሰሙ ወላጆችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

ቢያንስ የአምስት ጨዋታዎች ሙሉ ቪዲዮ፣ የእነዚያው ጨዋታዎች የአኃዝ ሰንጠረዥ እና አንድ የሰዓት መቁጠሪያ ያዘጋጁ። ከአምስቱ ጨዋታዎች ሁለቱ ከጠንካራ ቡድን ጋር የተደረጉ ይሁኑ፤ ደካማ ተጋጣሚ የአጭር ጋርድን ጉድለት ይሸፍናል። አንድ ቡድን ኳሱን ከያዘበት ቅጽበት አንሥቶ በነጥብ፣ በስሕተት ወይም በባላጋራ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ኳሱን እስኪያስረክብ ድረስ ያለውን ጊዜ በዚህ መመሪያ «ዙር» እንለዋለን። በአንድ የኮሌጅ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 70 አካባቢ ዙሮች ያገኛል።

ከራስዎም ይጠንቀቁ። ተመልካች ትንሹን ልጅ ይወዳል፤ በረጃጅሞቹ መካከል ሾልኮ አንድ ሌይአፕ (ከቅርጫቱ ሥር የሚገባ ኳስ) ሲያስቆጥር የሚሰማው ጭብጨባ ረጅሙ ጋርድ ያንኑ ሲያደርግ ከሚሰማው እጥፍ ነው። በአንጻሩ ደግሞ አንድ ጊዜ በላዩ ላይ ሲቆጠርበት «አየህ፣ አልነገርኩህም?» የሚል ሰው ከጎንዎ አይጠፋም። ሁለቱም ስሜቶች የሚረግቡት እያንዳንዱ ዙር ሲመዘገብ ብቻ ነው።

1. ትክክለኛውን ልክ ማወቅ

በቡድኖች ዝርዝር ላይ የሚወጣው ቁመት ብዙ ጊዜ ከነጫማ የተለካ ወይም ወደ ላይ የተጠጋጋ ነው። ኤንቢኤ እንኳ ቡድኖቹ የተጫዋቾቻቸውን ቁመት በባዶ እግር ለክተው እንዲያረጋግጡ ያስገደደው በ2019 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የበርካታ ታዋቂ ተጫዋቾች ቁመት በወረቀት ላይ ቀንሷል። በአማርኛ የመለኪያውም የመጫሚያውም ስም «ጫማ» መሆኑ እዚህ ላይ ከቀልድ ያለፈ ትርጉም አለው። ዕድሉ ካለዎት ተጫዋቹን በባዶ እግሩ ይለኩት። ከዚያም እጆቹን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት፣ እንዲሁም ቆሞ አንድ እጁን ሽቅብ ሲዘረጋ የሚደርስበትን ከፍታ ይመዝግቡ። የወርዋሪን ኳስ የሚያውከውም ሆነ የቅብብል መስመር የሚዘጋው እጅ ነውና፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ጋርዶች በክንድ ርዝመት ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ።

ለዚህ ሥራ ያህል በወንዶች ዲቪዚዮን አንድ (የኮሌጅ ውድድር ከፍተኛው እርከን) 1.75 ሜትርና ከዚያ በታች፣ በሴቶች ደግሞ 1.65 ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፖይንት ጋርድ «አጭር» ብለን እንውሰድ። ይህ የእኔ የሥራ ድንበር እንጂ የደንብ ቁጥር አይደለም።

2. የተሰጠውን ሥራ መለየት

በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የወንዶች ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ የ20 ደቂቃ አጋማሽ ሰዓቱ ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ በታች ሲወርድ በመጀመሪያው የጨዋታ መቆም የማስታወቂያ ዕረፍት ይሰጣል። እነዚህ ዕረፍቶች ጨዋታውን በ10 ክፍል ይከፍሉልዎታል። በሴቶች ጨዋታ ከ2015–16 ጀምሮ አራት የ10 ደቂቃ ሩቦች ስላሉና በየሩቡ ሰዓቱ ከ5 ደቂቃ በታች ሲሆን ዕረፍት ስለሚሰጥ ክፍሎቹ 8 ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ክፍል ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ነበር ወይስ አልነበረም፣ አብረውት የነበሩት አራቱ እነማን ናቸው፣ የጠበቀውስ ማንን ነው የሚሉትን ይጻፉ።

ከሦስት ጨዋታ በኋላ መልኩ ይወጣል። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ክፍል ሜዳ ላይ ካለ አሰልጣኙ ቡድኑን አስረክቦታል ማለት ነው። በመካከለኞቹ ክፍሎች ብቻ እየገባ ፍጥነት የሚጨምር ከሆነ ሥራው የጨዋታውን ምት መቀየር ነው። ጀምሮ በመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ግን የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ቡድኑ ሲያጠቃ ገብቶ ሲከላከል የሚቀየር ከሆነ፣ አሰልጣኙ በአፉ ያልተናገረውን በቅያሬው ነግሮዎታል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግምገማ ሁሉ በተለየው ሥራ ልክ መሆን አለበት፤ በጨዋታ 12 ደቂቃ የሚገባን ተጫዋች 35 ደቂቃ በሚጫወት ሰው መለኪያ መዳኘት ፍርድን ያዛባል።

3. ኳስ ማሻገሩን መመዝገብ

ቡድኑ ኳሱን በ10 ሰከንድ ውስጥ ከግማሽ ሜዳው ማሻገር፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ መወርወር አለበት። ስለዚህ ተጫዋቹ መሐል መስመሩን ሲያልፍ እና ቡድኑ የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ ሲጀምር የመወርወሪያ ሰዓቱ ስንት እንደሚያሳይ ይጻፉ። በ24 የሚጀምር ቡድን የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍ ሁለተኛ ዕድል አለው፤ በ15 የሚጀምር ቡድን ብዙ ጊዜ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው።

የአጭር ጋርድ ፈተና ባላጋራው በሁለት ሰው ሲከበው ይገለጣል። ከሁለት ረጃጅም ተከላካዮች በላይ አይቶ ማቀበል ስለማይችል መውጫው ከሥር ነው፤ ኳሱን ዝቅ አድርጎ እያነጠረ በመሐላቸው መሰንጠቅ፣ ወይም ከበባው ሳይዘጋ አንድ እርምጃ ቀድሞ መልቀቅ ይኖርበታል። የተከበበበትን ጊዜ ሁሉ ይቁጠሩና ስንቱን እንዳለፈ፣ ስንቱን በደኅና እንዳቀበለ፣ በስንቱ ኳስ እንዳባከነ በሦስት ዓምድ ይለዩ። ታይም አውት ጠርቶ ያመለጠበትን ለብቻው ይያዙ፤ ብልህነት ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል።

4. ማቀበሉን መመዘን

የተለመደው መለኪያ የአሲስት (ጓደኛ ያስቆጠረበት ማቀበል) እና የተርንኦቨር (ኳስ ማባከን) ንጽጽር ነው። ለአንድ ተርንኦቨር ሁለት አሲስት ለፖይንት ጋርድ ተቀባይነት ያለው ልክ ሲሆን፣ ከሦስት በላይ የሚያስመዘግብ በጣም ጥሩ ከሚባሉት ይመደባል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ ይደብቃል። አሲስት የሚመዘገበው ተቀባዩ ካስቆጠረ ብቻ በመሆኑ ወርዋሪ በሌለው ቡድን ውስጥ ያለ ጎበዝ አቀባይ በሰንጠረዡ ላይ ደካማ ይመስላል። ስለዚህ ለጓደኛው ንጹሕ የመወርወር ዕድል የፈጠረባቸውን ኳሶች ሁሉ፣ የገቡትንም የሳቱትንም፣ ይቁጠሩ። አሲስቱን ያስገኘው ኳስ ከመድረሱ በፊት መከላከሉን የሰበረውን ቅብብል የጀመረው እርሱ ከሆነም ምልክት ያድርጉ፤ ይህ በሰንጠረዥ ላይ ፈጽሞ አይታይም።

ተርንኦቨሩንም በዓይነት ይክፈሉት። ኳሱ ከሜዳ ከወጣ ወይም ዳኛ ካስቆመው ቡድኑ ተደራጅቶ የመከላከል ጊዜ ያገኛል፤ በጨዋታ ላይ እያለ ከተነጠቀ ግን ብዙ ጊዜ በሌላው በኩል ቀላል ነጥብ ይሆናል። በተለይ ቁመቱ ያመጣውን ስሕተት፣ ማለትም ሲያቀብል በተከላካይ እጅ የተነካበትንና ጓደኛው ነጻ ሆኖ ሳለ ሳያየው የቀረበትን፣ ከግድየለሽነት ስሕተት ይለዩ። ሁለተኛው በልምምድ ይታረማል። የመጀመሪያው የሚታረመው የማቀበያውን ማዕዘን በመቀየር፣ ማለትም ወደ ቅርጫቱ ሥር ዘልቆ ከገባ በኋላ ወደ ኋላ በማቀበል ወይም ኳሱን በመሬት አንጥሮ በማሳለፍ ነው።

ጥሩ አጭር አቀባይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት የካንሳስ ስቴቱ ማርኪስ ኖውል መጋቢት 23 ቀን 2023 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከሚሺጋን ስቴት ጋር ያደረገውን ጨዋታ ይመልከቱ። 1.73 ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ጋርድ 20 ነጥብ፣ 19 አሲስትና 5 ስቲል (ከባላጋራ የተነጠቀ ኳስ) አስመዝግቦ ቡድኑ በጭማሪ ሰዓት 98 ለ93 አሸንፏል፤ 19 አሲስቱም በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ውድድር የአንድ ጨዋታ ክብረ ወሰን ሆኗል። ጨዋታውን ሲያዩ ኳሱን አይከተሉ። ይልቁን ኳሱ ከእጁ ከመውጣቱ አንድ ሰከንድ በፊት ተከላካዮቹ የት እንደቆሙ ይመልከቱ፤ ማለፊያውን በዓይኑና በትከሻው እያታለለ ራሱ ሲከፍተው ያያሉ።

5. መወርወሩን መመዘን

እዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የሦስት ነጥብ ውርወራ ተጨማሪ ዋጋ እንዲያገኝ የገቡትን ውርወራዎች ብዛት ከገቡት ባለ ሦስቶች ግማሽ ጋር ደምረው ለጠቅላላው ሙከራ ያካፍሉ። ከ12 ሙከራ 5 አስገብቶ ከእነርሱ 3ቱ ባለ ሦስት ከሆኑ (5 + 1.5) / 12 = 54.2 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ሦስት ነገሮችን ያክሉ፦ ቅርጫት ሥር ስንት ጊዜ ታገደበት፣ ረጅሙ ተከላካይ ሳይደርስበት ኳሱን ከፍ አድርጎ የሚለቅበት ፍሎተር አለው ወይ፣ የሦስት ነጥብ ኳሱንስ ከመስመሩ ስንት እርምጃ ርቆ ያስገባል። መስመሩ በወንዶች ከ2019–20፣ በሴቶች ከ2021–22 ጀምሮ ወደ 6.75 ሜትር ሸሽቷል፤ ከዚያም አልፎ ከርቀት የሚያስገባ አጭር ጋርድ ተከላካዩ ወደ ውጭ እንዲመጣለት ስለሚያስገድድ ቁመቱን በቦታ ይክሳል። የካምቤሉ ክሪስ ክሌመንስ በ1.75 ሜትር ቁመት ከ2015 እስከ 2019 ድረስ 3,225 ነጥብ ማስቆጠሩ አጭር ሰው ነጥብ አያመጣም ለሚለው ወገን በቂ መልስ ነው።

6. መከላከሉን መመዘን

የግምገማው እምብርት ይህ ነው፤ አብዛኛው ገምጋሚም በግምት የሚያልፈው ይህንኑ ነው። አጭር ጋርድ መከላከል አይችልም የሚለው አባባል በጥቅሉ ሲታይ ትክክል አይደለም። በኤንሲኤኤ ወንዶች ዲቪዚዮን አንድ የስቲል ክብረ ወሰን የያዘው የሪችመንዱ ጄከብ ጊልያርድ በ466 ስቲል ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት ክብረ ወሰኑ በ385 የፕሮቪደንሱ ጆን ላይንሃን ነበር፤ ሁለቱም 1.75 ሜትር ገደማ ናቸው። በዚሁ ቁመት የኬንታኪው ታይለር ዩሊስ በ2016 የሳውዝ ኢስተርን ኮንፈረንስ (ኬንታኪ የሚጫወትበት የኮሌጆች ምድብ) ምርጥ ተጫዋችም ምርጥ ተከላካይም ተብሏል። አጭር ሰው ለኳሱ ቅርብ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚያነጥረውን ባላጋራ ያስጨንቃል፣ በስክሪኖች (መንገዱን ለመዝጋት በሚቆሙ ባላጋራዎች) መካከልም ይሾልካል። የሚከፍለው ዋጋ ከኳሱ ከፍ ብሎ በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

ስለዚህ መዝገቡን በሁለት ገጽ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ገጽ የሚያስገኘውን ይጻፉ፦ የነጠቃቸውን፣ የነካቸውንና አቅጣጫ ያስቀየራቸውን ኳሶች፣ የባላጋራውን ጨዋታ ያዘገየበትን ሰከንድ፣ ያስፈጸመውን የማጥቃት ፋውል። ለስቲል ሲል ዘሎ ወጥቶ የሳተበትን ጊዜም ከሥሩ ይጻፉ፤ ሁለት ነጥቆ አራት ጊዜ ቡድኑን በአምስት ለአራት ያጋለጠ ተጫዋች በሰንጠረዥ ላይ የሚያምረውን ያህል በሜዳ ላይ አያምርም።

በሁለተኛው ገጽ ባላጋራው ሆነ ብሎ እርሱን ዒላማ ያደረገባቸውን ዙሮች ይቁጠሩ። እነዚህ በአራት መንገድ ይመጣሉ። አንደኛው፣ ረጅም ጋርድ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቅርጫቱ ሲገፋው ነው። ሁለተኛው፣ በፒክ ኤንድ ሮል (ስክሪን የሰጠው ተጫዋች ዞሮ ወደ ቅርጫቱ በሚሮጥበት ጥቃት) ተከላካዮቹ ጠባቂነት ሲቀያየሩ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ሰው እጁ ላይ ሲወድቅ ነው። ሦስተኛው፣ ከማዕዘን የሚወረወር ባለ ሦስት ነጥብ ላይ ሮጦ ሲደርስ ወርዋሪው ከእጁ በላይ ቅርጫቱን እያየ ሲለቅ ነው። አራተኛው ሪባውንድ ነው፤ እዚህ ላይ እርሱ ስንት ሪባውንድ ያዘ የሚለውን ትተው የሚጠብቀው ሰው ስንት ያዘ ብለው ይጠይቁ። ባላጋራውን በዳሌው ዘግቶ ካስቀረና ኳሱን ጓደኛው ካነሣው ሥራውን ሠርቷል።

ቀጥሎ ሒሳቡን ይሥሩ። ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት ያህል የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። በአንድ ጨዋታ 14 ጊዜ ዒላማ ተደርጎ ባላጋራው በእነዚያ ዙሮች 17 ነጥብ ካገኘ በዙር 1.21 ነጥብ ነው። ቡድኑ በጠቅላላው በዙር 1.02 ነጥብ የሚቆጠርበት ከሆነ ልዩነቱ 0.19 ይሆናል፤ በ14 ሲባዛ 2.7 ነጥብ ገደማ ይመጣል። በዚያ ጨዋታ የቁመቱ ዋጋ ይህ ነው። ይህ ቁጥር ሲወጣ ብዙ ሰው ይገረማል፤ አንዳንዱ በትንሽነቱ፣ አንዳንዱ በትልቅነቱ።

ዋጋው የእርሱ ብቻ አለመሆኑንም ያጢኑ። አንዳንድ ቡድን ጠባቂነት ከመቀያየር ይልቅ ረጅሙ ተከላካይ ወደ ቅርጫቱ አፈግፍጎ እንዲጠብቅ በማድረግ ትንሹን ልጅ ከአለመመጣጠን ያድነዋል። ሌላው ከተቀያየረ በኋላ ኳሱ ሳይደርስ ሦስተኛ ተጫዋች መጥቶ ረጅሙን እንዲረከበው ያደርጋል። በዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ በመጠበቅ) የሚከላከል ቡድን ደግሞ ጋርዱን ከፊት አስቀምጦ ጉድለቱን ይደብቃል፤ ምንም እንኳ ከጎኑ ሌላ አጭር ጋርድ ካለ ባላጋራ በላያቸው አሻግሮ ቢያቀብልም። ተጫዋቹ ሲጎዳ የታየው አሰልጣኙ ሁሉንም ስክሪን በመቀያየር ስለሚከላከል ከሆነ ያገኙት የሥልቱን ጉድለት ሊሆን ስለሚችል በልጁ ስም አይመዝግቡት።

7. ገቢውን ከወጪው ማስተያየት

አሁን እርሱ ሜዳ ላይ ሲሆንና ሲወጣ ቡድኑ በዙር ስንት ነጥብ እንደሚያስቆጥር ያውጡ። አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ ሲኖር 1.08፣ ሲወጣ 0.99 ከሆነና በጨዋታ 55 የማጥቃት ዙር ከተጫወተ፣ ያስገኘው 5 ነጥብ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የነጠቃቸውን ኳሶች ያስቡ፤ አንድ ዙር ወደ አንድ ነጥብ ስለሚጠጋ ሁለት ስቲል ለባላጋራ ሊቆጠር የነበረውን ሁለት ነጥብ እንደማስቀረት ነው። ከእነዚህ 2.7ቱን ሲቀንሱ ተጫዋቹ በትርፍ ላይ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሒሳብ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። በአንድና በሁለት ጨዋታ የሚታይ ልዩነት ከዕድል አይለይም፤ ቢያንስ የግማሽ ወቅት ዙሮች እስኪጠራቀሙ ድረስ በእርሳስ እንጂ በቀለም አይጻፉት። በተጨማሪም እርሱ ሲወጣ የሚገባው ማን እንደሆነ ውጤቱን ይወስነዋል። ተተኪው 1.90 ሜትር ቢሆንም ኳስ ማሻገር የሚያቅተው ከሆነ አጭሩ ጋርድ ከሚገባው በላይ ይገናል፤ ተተኪው ሌላ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ያንሳል። የሁለቱን ልዩነት ያዩት ዘንድ ተተኪውንም በስድስተኛው ደረጃ መዝገብ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል፤ ረጅሙም ቢሆን ዒላማ ይደረጋልና።

8. ከጓደኞቹ ጋር ያለውን ስምምነት ማየት

አጭር ፖይንት ጋርድ ከሁለት ዓይነት ሰዎች ጋር ሲሆን ያብባል፦ ስክሪን ሰጥቶ ወደ ቅርጫቱ ከሚሮጥና ከፍ ብሎ የተላከለትን ኳስ ከሚይዝ ረጅም ተጫዋች ጋር፣ እንዲሁም ማዕዘን ላይ ቆሞ ከሚያስገባ ወርዋሪ ጋር። በሁለተኛው ደረጃ የጻፉትን የአራቱን ጓደኞች ዝርዝር ያውጡና በየትኛው ስብስብ እንደሚያተርፍ፣ በየትኛው እንደሚከስር ይለዩ። ከጎኑ የቆመው ጋርድ 1.93 ሜትር ከሆነ የባላጋራውን ረጅም ጋርድ ይረከብለታል፤ እርሱም አጭር ከሆነ ባላጋራ የሚፈልገውን መርጦ ያጠቃል።

9. ፍርዱን መጻፍና ደግሞ መፈተሽ

ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሥራውን በግልጽ ይናገር፤ «በጨዋታ ከ24 እስከ 28 ደቂቃ ቡድኑን የሚመራ፣ ከሁለት ወርዋሪዎችና ከአንድ ሯጭ ረጅም ጋር ሲሰለፍ የሚያተርፍ፣ ሁሉን በሚቀያይር መከላከል ውስጥ ግን የማይመከር» እንደሚለው ያለ። «ልበ ሙሉ ነው»፣ «ትንሽ ግን አንበሳ ነው» የሚሉ ቃላት በዚህ ገጽ ላይ ቦታ የላቸውም፤ ለአሰልጣኙ ማን ከማን ጋር መቼ እንደሚገባ አይነግሩትም። ከሥሩ በልምምድ የሚሻሻሉትንና የማይሻሻሉትን በሁለት ዓምድ ይለዩ። ፍሎተር፣ የማቀበያ ማዕዘን፣ ባላጋራን በዳሌ መዝጋት በመጀመሪያው ዓምድ ይገባሉ፤ ከማዕዘን በላዩ የሚወረወረው ኳስ በሁለተኛው። ለተጫዋቹ ራሱ ሲነገረውም ሁለቱም ዓምዶች ይነገሩት፤ ቁመቱን ከእርስዎ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነውና መሸፋፈኑ አይጠቅመውም።

ገጹን ከጻፉ በኋላ አያስቀምጡት። በኮንፈረንስ ጨዋታዎች አንድ ቡድን ከብዙዎቹ ተጋጣሚዎቹ ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል፤ በሁለተኛው ጊዜ ባላጋራው ቪዲዮውን አጥንቶ ይመጣል። በጥር 9 ጊዜ ዒላማ የተደረገው ልጅ በየካቲት በዚያው ቡድን 19 ጊዜ ዒላማ ሊሆን ይችላል። የሁለቱን ጨዋታዎች ሁለተኛ ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጠው የዒላማው ብዛት በስንት እንደጨመረ፣ በዙር የተቆጠረውስ ነጥብ አብሮ ጨመረ ወይስ ባለበት ቆመ የሚለውን ይመልከቱ። ብዛቱ ጨምሮ በዙር የሚቆጠረው ነጥብ ካልጨመረ ተጫዋቹ መፍትሔውን አግኝቷልና ደቂቃው ይጨመርለት፤ ሁለቱም አብረው ካደጉ ግን የኤንሲኤኤ ውድድር ወር፣ መጋቢት፣ ከመግባቱ በፊት የመከላከያ ሥልቱ ወይም የደቂቃው መጠን እንደገና ይታይ።